የማርስ ሮቨርን መንገድ በድር ካርታ ለማሳየት የቱን እንምረጥ? ምስል፣ መረጃና ላይብረሪ ሲነጻጸሩ

የናሳ ሮቨር (ባለ ጎማ ተንቀሳቃሽ ሮቦት) የሆነችው ኦፖርቹኒቲ ማርስ ላይ 45.16 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። መንገዷን በተለመደ የድር ካርታ ላይ አስቀምጣችሁ ካርታውን ርዝመቱን አስላ ብትሉት ግን ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይላችኋል። መረጃው አልተሳሳተም፣ ኮዱም አልተበላሸም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ካርታው መሬት ላይ ያለን መንገድ የሚለካ መስሎታል። አብዛኞቹ የካርታ ላይብረሪዎች (ካርታ ለመሥራት አስቀድመው የተዘጋጁ ኮዶች) ርቀት ሲያሰሉ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነውን የመሬትን ሬዲየስ ይዘው ነው። የማርስ ሬዲየስ ደግሞ በወገቧ በኩል 3,396.19 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም፣ በአንድ መስመር ኮድ የሚስተካከል ነገር ነው። ግን ምርጫው ከየት መጀመር እንዳለበት በደንብ ያሳያል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የቱን ላይብረሪ ልጠቀም?” ብሎ ነው። እኔ ግን ላይብረሪውን መጨረሻ ላይ ምረጡ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የመንገዱን መረጃ፣ ቀጥሎ ከሥሩ የሚነጠፈውን ምስል፣ ከዚያ ኮኦርዲኔቱን (ቦታ በቁጥር የሚገለጽበትን ሥርዓት) ወስኑ። እነዚህ ሦስቱ ካልተስማሙ የትኛውም ላይብረሪ አያድናችሁም፤ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል።

የየትኛዋን ሮቨር መንገድ?

ለመጀመሪያ ካርታ ምርጫው በኩሪዮሲቲና በፐርሲቪራንስ መካከል ነው። ኩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ጌል ክሬተር (ግጭት የፈጠረው ጉድጓድ) ውስጥ አረፈች። ፐርሲቪራንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2021 ጄዜሮ ክሬተር ውስጥ አረፈች። ሁለቱን የምመክረው መረጃቸው ለድር ካርታ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ነው። ናሳ ሮቨሮቹ የት እንዳሉ ለሕዝብ የሚያሳይበት ካርታ ከጀርባው የጂኦጄሰን (የካርታ መረጃን በጽሑፍ የሚይዝ ፎርማት) ፋይሎች አሉት። ሮቨሯ ነድታ በቆመች ቁጥር አንድ ነጥብ ይጨመራል። ነጥቡ ላይ ሶሉ (ማለትም ሮቨሯ ካረፈች ጀምሮ የተቆጠረው የማርስ ቀን)፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ ከፍታው፣ እስከዚያ የተነዳው ርቀትና ሮቨሯ የዞረችበት አቅጣጫ ሳይቀር ተጽፏል። አውርዶ ወዲያው መሳል ይቻላል።

ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ሌላ ዓይነት ጥቅም አላቸው። መንገዳቸው አልቋል። ስፒሪት 7.73 ኪሎ ሜትር ተጉዛ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ድምጿ ጠፋ። ኦፖርቹኒቲ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2018 ነው፣ ያ ትልቅ የአቧራ ማዕበል ማርስን ሲሸፍን። ስለዚህ አንዴ የሠራችሁትን ካርታ በየሳምንቱ ማደስ አይጠበቅባችሁም። ጣጣው መረጃውን ከናሳ የፕላኔቶች ማኅደር ፈልጎ ማውጣቱና አሮጌውን ፎርማት መለወጡ ላይ ነው። ታጋሽ ከሆናችሁ ግን ከኢግል ክሬተር ተነስቶ በኢንዱራንስና በቪክቶሪያ በኩል እስከ ኢንዴቨር ክሬተር ጠርዝ የሚዘልቀው የኦፖርቹኒቲ መስመር፣ እንደ እኔ፣ በማርስ ላይ ከተሳሉት ሁሉ የሚያምረው ነው።

ፐርሲቪራንስን ከመረጣችሁ ኢንጀኒዩቲንም አትርሷት። ትንሿ ሄሊኮፕተር ከሚያዝያ 2021 እስከ ጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) 72 ጊዜ በራለች። በረራዎቿን በሌላ ቀለም ለብቻቸው አስቀምጡ። ከሮቨሯ መስመር ጋር ካቀላቀላችኋቸው ማን የት እንደሄደ አይለይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሮቨር ማርስ ላይ ጂፒኤስ የላትም። ምን ያህል እንደሄደች የምታውቀው የጎማዎቿን ዙር በመቁጠርና ስትሄድ የምታነሳቸውን ፎቶዎች በማነጻጸር ነው። ጎማ አሸዋ ላይ ይንሸራተታል፤ ስህተቱም ይጠራቀማል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሮቨሯ ያነሳችውን የአካባቢ ፎቶ ከምህዋር ከተነሳው ምስል ጋር አስተያይተው “እዚህ ጋ ናት” ብለው ቦታዋን ያርማሉ። ይህ ማለት የምታወርዱት እያንዳንዱ ነጥብ የታረመው ከአንድ የተወሰነ ምስል ጋር ተያይቶ ነው። ሌላ ምስል ከሥሩ ብታነጥፉ መስመሩ ዝንፍ ሊል ይችላል፤ ሮቨሯም በዞረችው ድንጋይ ላይ የወጣች ትመስላለች። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ ሰዓት ይተርፈዋል።

ነጥብ ወይስ መስመር የሚለውም እዚሁ ይወሰናል። ነጥቦቹ ሮቨሯ የቆመችባቸው ቦታዎች ናቸው። በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ብትስቡ ሮቨሯ በትክክል የሄደችበትን አታገኙም፣ በተለይ አሸዋ ወይም ድንጋይ ስትሸሽ በዞረችበት ቦታ። የተነዳውን መስመር ራሱን የያዘ ፋይል ለብቻው አለ፤ ሁለቱንም አውርዱ። መስመሩ ለዓይን ነው፣ ነጥቦቹ ደግሞ ተጭነው መረጃ የሚያወጡ ይሁኑ።

ከሥር የሚነጠፈው ምስል

አማራጮቹ ብዙ ቢመስሉም የሚለያዩት በጥራት ነው። አንድ ፒክስል ማርስ ላይ ስንት ሜትር ይሸፍናል? ጥያቄው ይኸው ነው።

ማርስን በሙሉ የሚሸፍነው የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ምስል በፒክስል 232 ሜትር ነው። ከሩቅ ለማሳየት፣ “ጌል እዚህ ነው፣ ጄዜሮ እዚያ ነው” ለማለት ይበቃል። ሞላ የሚባለው የከፍታ መረጃ 463 ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ የተቀለመ ውብ ካርታ ይወጣዋል፣ ለመንገድ ግን አይሆንም።

በማርስ ምህዋር ላይ ያለው ሲቲኤክስ ካሜራ በፒክስል 6 ሜትር ገደማ ነው። በካልቴክ የሚገኘው የመሬይ ላብ ከዚሁ ካሜራ ምስሎች ማርስን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን የተቃረበ የ5 ሜትር ሞዛይክ (ከብዙ ምስሎች የተሰፋ አንድ ምስል) ሠርቷል። ኮረብታው፣ የክሬተሩ ጠርዝ፣ የጥንቱ የጄዜሮ ደለል ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሮቨሯ ግን አትታይም። ርዝመቷ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ፒክስል እንኳን አትሞላም።

ሃይራይዝ የተባለው ሌላው የምህዋር ካሜራ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል። እዚህ ላይ ድንጋዩ ይታያል፣ የአሸዋው ሞገድ ይታያል፣ ሮቨሯ ራሷም ትታያለች። ለመንገድ ካርታ ሌላ ምርጫ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ አንድ ምስል 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሰፋ መንገዱ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ምስሎቹን ራሳችሁ መስፋት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። አትስፉ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የጌልንና የጄዜሮን ተሰፍተው ያለቁ ሞዛይኮች ከነከፍታ መረጃቸው በነፃ አስቀምጧል። እነሱን ውሰዱ። ከሮቨሮቹ ነጥቦች ጋር ከሌሎቹ በተሻለ የሚገጥሙትም እነሱ ናቸው። ጥቁርና ነጭ መሆናቸው ቅር አይበላችሁ። የሃይራይዝ ቀለም ያለው ክፍል ከምስሉ መካከል 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደግሞም ግራጫ ምስል ላይ የብርቱካን ወይም የሰማያዊ መስመር ጎልቶ ይወጣል፤ ቀይ መሬት ላይ ግን ብርቱካኑ ይዋጣል።

የዙም ደረጃ ሲወሰን፣ በተለመደው የመርካቶር (የድር ካርታዎች ሉሉን ጠፍጣፋ የሚያደርጉበት ስልት) ታይል (ካርታው የሚቆራረስባቸው ትናንሽ ካሬ ምስሎች) አሠራር ማርስ ወገብ ላይ ዙም 14 በፒክስል 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለሲቲኤክስ ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ ታይል መሥራት ቦታ ማባከን ነው። ዙም 18 ደግሞ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሃይራይዝ ይስማማዋል። እዚህ ጋ ግን አስቡበት፦ 10 በ10 ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ በዙም 18 ብቻ ወደ 15,000 ታይል ይወጣዋል። የታችኞቹ ዙሞች ሲደመሩ 20,000 ይደርሳል። ስለዚህ አካባቢውን ሁሉ በሃይራይዝ አትሸፍኑት። መንገዱን ተከትሎ በግራና በቀኝ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጡ፣ የቀረውን ለሲቲኤክስ ተዉት።

ታይሉን ራሳችሁ ትሠራላችሁ ወይስ የተዘጋጀ ትጠቀማላችሁ? ለሙከራ የተዘጋጀው ይበቃል። ኦፕንፕላኔታሪ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ በመርካቶር የተሠሩ የማርስ ካርታዎች አሉት፤ ሊፍሌት በተባለው ላይብረሪ ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይሠራሉ። የናሳ ማርስ ትሬክ ብዙ ተጨማሪ ምስል አለው፣ ታይሎቹ ግን ኬክሮስና ኬንትሮስን በእኩል በሚዘረጋው ፕሮጄክሽን (ሉልን ጠፍጣፋ የማድረጊያ ስልት) ነው። ላይብረሪውን ለዚያ ማዘጋጀት አለባችሁ። በዚህ ፕሮጄክሽን ጄዜሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 5 በመቶ ገደማ ተለጥጦ ይታያል፣ ጌል ግን ለወገቡ በጣም ስለሚቀርብ ልዩነቱ አይታወቅም። እንግዲህ ለኩሪዮሲቲ ማርስ ትሬክን ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል፣ ለፐርሲቪራንስ መርካቶር ይሻላል።

ቁም ነገር ላላችሁት ካርታ ግን የራሳችሁን ሥሩ። የሌላ ሰው ሰርቨር አንድ ቀን አድራሻ ሊቀይር ይችላል፣ ያኔ ካርታችሁ ባዶ ግራጫ ይሆናል። ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ከመጫን ይልቅ ሁሉንም ታይል በአንድ ፋይል የሚያሽገውን ፒኤምታይልስ ምረጡ። ብራውዘሩ ከፋይሉ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ያነባል፤ የታይል ሰርቨር አያስፈልግም፣ ተራ የፋይል ማከማቻ ይበቃል።

ኮኦርዲኔት፦ እዚህ ላይ ቸኩሎ ያለፈ ይከፍላል

ማርስ ላይ ኬክሮስ በሁለት መንገድ ይለካል። ፕላኔቶሴንትሪክ የሚባለው ከፕላኔቷ መሐል የተለካ ማዕዘን ነው። ፕላኔቶግራፊክ ደግሞ ከገጽታዋ ቀጥ ብሎ በሚወጣ መስመር የተለካ ነው። ማርስ ወገቧ ጋ ትንሽ ስለሚያብጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በኦፖርቹኒቲ ማረፊያ ልዩነቱ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጌል 3.2 ይሆናል። በጄዜሮ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ክሬተሩ ራሱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የፐርሲቪራንስ መንገድ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይወድቃል ማለት ነው። መስመሩ ቅርጹ ትክክል ሆኖ ቦታው ብቻ ከሳተ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። አሁን የሚዘጋጁት የናሳና የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ፋይሎች በአብዛኛው ፕላኔቶሴንትሪክ ናቸው፣ ኬንትሮሱም ወደ ምሥራቅ ይቆጠራል። የቆዩ ካርታዎች ግን ወደ ምዕራብ ሊቆጥሩ ይችላሉ።

ኬንትሮስ ከ0 እስከ 360 ወይስ ከ180 ሲቀነስ እስከ 180 ሲደመር? ኩሪዮሲቲ 137.44፣ ፐርሲቪራንስ 77.45 ላይ ስላሉ ምንም አይነካቸውም። ኦፖርቹኒቲ ያረፈችው ግን 354.47 ላይ ነው። የድር ካርታ ላይ ይህ −5.53 መሆን አለበት። ካልሆነ ነጥቡ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ይወጣል።

ታይል ስትሠሩ የሚገጥማችሁ ሌላው ጉዳይ ጂዳል የተባለው የካርታ ፋይል መለወጫ ፕሮግራም ነው። አዳዲሶቹ ስሪቶች ከማርስ ኮኦርዲኔት ወደ መሬት ኮኦርዲኔት ቀይር ስትሉት “የተለያዩ የሰማይ አካላት ናቸው” ብሎ እምቢ ይላል። እምቢ ማለቱ ልክ ነው። የድር መርካቶር በስሙ የመሬት ስለሆነ ግን ይህን ፍተሻ የሚያልፈውን ቅንብር ማብራት ሊኖርባችሁ ነው። ከዚያ በፊት ኮኦርዲኔቱን ወደ ክብ ማርስ፣ ማለትም 3,396,190 ሜትር ሬዲየስ ወዳለው፣ ቀይሩት። ጂኦጄሰንም በደንቡ የመሬትን ኮኦርዲኔት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሁሉም ሰው ግን ለማርስ ይጠቀምበታል፣ እናንተም ተጠቀሙ፣ የየትኛው ፕላኔት እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ጻፉ። አስርዮሹን ስድስት አኃዝ ላይ አቁሙት። ስድስተኛው አኃዝ ማርስ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ትርጉም የለውም።

አሁን ላይብረሪው

ሊፍሌት የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን የተጀመረ ሲሆን ኮዱ 42 ኪሎ ባይት ገደማ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ይፈጥናል፣ ምሳሌው ሞልቷል፣ በአንድ ከሰዓት መንገዱን ማየት ትችላላችሁ። ከላይ ያልኩት የሬዲየስ ነገር እዚህ ቀላል ነው። የኮኦርዲኔት ሥርዓቱን ቅጂ ወስዳችሁ ሬዲየሱን በማርስ ተኩት። ጥግ ላይ ያለው የርቀት መለኪያም አብሮ ይስተካከላል። ነጥቦቹ ብዙ ሺህ ከሆኑ በካንቫስ (ሁሉም እንደ አንድ ምስል በሚሳሉበት ስልት) እንዲሳሉ አድርጉ፣ አለበለዚያ ካርታው ይንቀራፈፋል። ድክመቱ ሦስተኛ ልኬት የለውም፣ ያልተለመደ ፕሮጄክሽንም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ አይወድም።

ኦፕንሌየርስ ከበድ ይላል፣ ግን ትክክለኛነት ለሚያሳስባችሁ እሱ ነው። የማርስን ፕሮጄክሽን በስሙ አስመዝግባችሁ ምስሉን ሳትለውጡ መጠቀም ትችላላችሁ። ጂኦቲፍ (ቦታው አብሮ የተጻፈበት ምስል) ፋይልን ያለ ታይል በቀጥታ ያነባል። ርቀት ሲያሰላም ሬዲየሱን እንድትሰጡት ይፈቅዳል። ተመራማሪ ወይም ተማሪ ሆናችሁ ከካርታው ላይ ልትለኩ ካሰባችሁ ሊፍሌትን ዝለሉትና በቀጥታ ወደዚህ ሂዱ።

ማፕሊብሬ ዓይን ይስባል። ዙሙ ለስላሳ ነው፣ ካርታው ያጋድላል፣ ተራራው ይነሳል። ነገር ግን መሬት ውስጡ ተሰፍታበታለች፤ ሬዲየሱን ለመቀየር ቀላል በር የለውም። ተራራውን ስታነሱ ከፍታው በግማሽ ገደማ ያጠረ ይሆናል፣ ምክንያቱም አግድሙን በመሬት ሜትር እየቆጠረ ከፍታውን በእውነተኛው ሜትር ስለሚወስድ ነው። መድኃኒቱ የከፍታ ማጉያውን 1.88 ማድረግ ነው። ያኔ በጌል መካከል ያለው ተራራ፣ ማውንት ሻርፕ፣ እውነተኛ ቁመናውን ያገኛል። የርቀት መለኪያውን ግን አጥፉት፣ ወይም የራሳችሁን ጻፉ።

ሲዚየም ሙሉ ሉል ይሰጣችኋል። የማርስን ቅርጽ ራሱ ታስገቡለታላችሁ፣ ከዚያ ሁሉም ስሌት ማርሳዊ ይሆናል። ኩሪዮሲቲ ከጌል ወለል ተነስታ ማውንት ሻርፕን ስትወጣ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለም። ዋጋው ክብደቱ ነው፤ አነስተኛ ስልክ ላይ ይከብዳል። ሌላም ወጥመድ አለ። ማርስ ላይ ባሕር ስለሌለ የከፍታ ዜሮ የሚወሰነው በስበት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ኩሪዮሲቲ ያረፈችውም ከዚያ ዜሮ 4.5 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ሲዚየም ግን ከፍታን የሚቆጥረው ከለስላሳው ኤሊፕሶይድ (በትንሹ ከተጨፈለቀ ሉል) ነው። የመሬት ገጽታው በአንዱ ዜሮ፣ ነጥቦቹ በሌላው ከተቆጠሩ መንገዱ ወይ አየር ላይ ይንሳፈፋል ወይ ይቀበራል። ሁለቱን ወደ አንድ ዜሮ አምጡ፣ ወይም መስመሩ ገጽታው ላይ እንዲለጠፍ እዘዙት።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ሦስተኛ ልኬት አያስፈልገውም። ጠፍጣፋ ካርታ ከሥሩ የከፍታ ግራፍ ሲኖረው፣ ጣታችሁን ግራፉ ላይ ስታንሸራትቱ ነጥቡ ካርታው ላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ መውጣትና መውረዱ ከሉሉ ይልቅ ይገባል።

ሮቨሮቹን የሚያንቀሳቅሰው የናሳ ላብራቶሪ ጄፒኤል ራሱ የሠራው ኤምኤምጂአይኤስ የተባለ የካርታ ሥርዓትም ክፍት ነው፤ ናሳ ለሕዝብ ያወጣቸው የሮቨር ካርታዎች በእሱ ነው የሚሠሩት። ዳታቤዝና ሰርቨር ይፈልጋል። ቡድን ካላችሁ ድንቅ ነው፣ ለብቻችሁ ከሆናችሁ ይቅርባችሁ። ኮድ ጨርሶ የማትጽፉ ከሆነ ደግሞ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ካርታውን ሠርታችሁ በተጨማሪ መሣሪያ ወደ ሊፍሌት ገጽ መላክ ይቻላል።

ነጥቡ ሲጫን ምን ይውጣ?

ካርታን ካርታ የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሶልና ርቀት ብቻ ማውጣት ያንሳል። ሮቨሯ ያነሳችውን ፎቶ አውጡ። የሮቨሮቹ ፎቶዎች ስም ውስጥ ሳይትና ድራይቭ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሮቨሯ ፎቶውን ያነሳችው የት ቆማ እንደሆነ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በነጥቦቹ ፋይል ውስጥም እነዚሁ ቁጥሮች አሉ። ሁለቱን በእነዚህ ብታገናኙ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ፎቶ ያገኛል። በቀን ብታገናኙ ግን ትሳሳታላችሁ፣ ምክንያቱም ሮቨሯ በአንድ ሶል ከመንዳቷ በፊትም በኋላም ፎቶ ታነሳለች።

መስመሩን በሶል ቀለም ስትቀቡ በርቀት ሳይሆን በጊዜ ከፋፍሉት። ፐርሲቪራንስ ከታኅሣሥ 2022 እስከ ጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ስሪ ፎርክስ በተባለው ቦታ ዙሪያ 10 የናሙና ቱቦዎች ስታስቀምጥ ብዙም ርቀት አልሄደችም፤ በተልእኮው ግን ትልቅ ወቅት ነበር። በርቀት የተቀባ መስመር ያንን ወቅት ይውጠዋል።

መረጃውን ተጠቃሚው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከናሳ አትጥሩ። በቀን አንዴ አውርዳችሁ የራሳችሁን ቅጂ አስቀምጡ፣ የቀድሞውንም አትደምስሱ፤ ነጥቦች በኋላ ሊታረሙ ስለሚችሉ ልዩነቱን ማየት ትፈልጋላችሁ። ካርታው ጥግ ላይ መረጃው እስከ ስንተኛው ሶል እንደሆነ ይጻፍ። ከእሱ አጠገብ የምስሉን ባለቤቶች አስፍሩ፦ ለሃይራይዝ ናሳ፣ ጄፒኤል ካልቴክና የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ፣ ሞዛይኩን ከወሰዳችሁም የጂኦሎጂካል ሰርቬይ።